በዕጣ የደረሰኝ ጠላ

ውኃ መቅዳት ጸጋ ነው ብለው የነገሩኝ የደብራችን አለቃ፣ በዕድሜያቸው አንድ ቀን እንኳ እንስራ ተሸክመው አያውቁም። ይህን ስጽፍ አሁንም ያናድደኛል። የልጅ ልጆቼ፣ "እምዬ፣ እሳቸውኮ ከሞቱ ቆዩ፤ ተያቸው እንጂ" ይሉኛል። ነፍሳቸውን ይማር፣ ደግ ሰው ነበሩ። ወገቤ ግን አልሞተም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ያስታውሰኛል።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው። ደብራችን ከደብረ ታቦር ከተማ ወጣ ብሎ፣ የጉና ብርድ ማንንም ሳይጠይቅ የሚገባበት ጋራ ላይ ነው። ዓመታዊ ንግሡ በጥር ይውላል። በጥር እኛ ዘንድ በቅል ያደረ ውኃ ጠዋት የበረዶ ቆዳ አውጥቶ ይገኛል። ለንግሡ እያንዳንዱ ቤት ገብስና ስንዴ ያዋጣል፤ እኛ ሴቶቹ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል በደጀ ሰላሙ፣ ካህናቱና ሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጠው በሚቀምሱበት ቤት፣ እየተሰበሰብን እንሠራለን። ሥራው አምስት ነው፤ ጠላ መጥመቅ፣ ዳቦ መጋገር፣ ጧፍ ማዘጋጀት፣ ቤቱን በእበት መለቅለቅ፣ ውኃ መቅዳት። ለእያንዳንዱ ሥራ አንዲት ኃላፊ ሴት አለች፤ የቀሩት ይረዷታል።

ከተዳርኩበት ዓመት ጀምሮ እኔ ውኃ ነበርኩ። ማን እንደመደበኝ እንኳ አላውቅም። ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው፤ ሲወርዱ ጉልበት ይንቀጠቀጣል፣ ሲወጡ ልብ አፍ ላይ ይደርሳል። በንግሡ ቀን ሽማግሌዎቹ ዋንጫቸውን ከፍ አድርገው፣ "ይህን የጠመቀች እጅ ትባረክ!" ይላሉ። ዳቦው ሲቆረስ የጋገረችው ትመረቃለች። ጧፉ ሲበራ ደግሞ ጎረቤቴ አንገቷን ቀጥ ታደርጋለች። የእሷ ጧፍ አይጨስም፣ አያንጠባጥብም፤ ይህንንም ከሌላ ሰው እስክንሰማ አትጠብቅም፣ ራሷ ትነግረናለች። "ይህን ውኃ ያወጣች ጀርባ ትባረክ" ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ለመሆኑ ጠላ ውስጥ ከገብሱና ከውኃው የትኛው ይበዛል?

ጠላውን የሚጠምቁት አንዲት መበለት ነበሩ። ከእብናት በኩል፣ ከቆላው አፋፍ፣ በትዳር መጥተው ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሴት። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ሁላችንም "ያቺ ቆለኛ" ነበር የምንላቸው። ገበያ ስንወርድ አንጠራቸውም። ልቅሶ ቤት ከበሩ ጥግ ይቀመጣሉ። ጥር ሲገባ ግን ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። እንደ እሳቸው ጠላ የሚጥም በአገሩ አልነበረምና፣ "እሜቴ፣ ጌሾው አልበዛም?" "እሜቴ፣ እስኪ ይቅመሱልን" ሲባሉ ይሰነብታሉ። አለቃው ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው ይነሱላቸዋል። ንግሡ ባለፈ በሳምንቱ እንደገና ቆለኛ ናቸው። ይህ ሁሉ ዓይኔ ሥር ይሆን ነበር፤ እኔ ግን የማየው የራሴን እንስራ ብቻ ነበር።

አንድ ዓመት ንግሡ እንዳለፈ አለቃውን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው።

"አባ፣ ጥያቄ አለኝ።"

"ጠይቂ ልጄ።"

"ዘንድሮ ስንት እንስራ እንዳወጣሁ ያውቃሉ?"

"እግዚአብሔር ያውቀዋል።"

"እሱስ ያውቃል። እኔ አንቱን ነው የጠየቅሁት።"

ሳቁ። ሲስቁ ደግሞ የባሰ ያናድዱኛል። "ልጄ፣ ጸጋ ልዩ ልዩ ነው። ለአንዱ ማስተማር ይሰጠዋል፣ ለአንዱ ማዜም፣ ለአንዷ መጥመቅ፣ ለአንቺ ደግሞ ውኃው። አካል ሁሉ ዓይን ቢሆን ማን ይራመዳል?"

"እኔ እግር መሆኔን ማን ነገረዎ?"

"ትከሻሽ" አሉና መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ።

በዚያው ዓመት መሠረተ ትምህርት ገባሁ። መምህርቷ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣች ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ብርዱ አሳቅቋት ጠመኔውን በጋቢዋ ውስጥ ሆና ነበር የምትይዘው። ፊደሉን ቶሎ ያዝኩ። ሌሎቹ "ሀ ሁ" ላይ ሲንገታገቱ እኔ የዱቄት ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ አነብ ነበር። በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ደግሞ በየሳምንቱ "ሁሉም እኩል ነው፣ ማንም ከማንም አይበልጥም" ይባላል። ሊቀመንበሩ ይህን የሚለው ከሁላችን ከፍ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢሆንም፣ ቃሉን ወደድኩት። ቃሉ ምን በደለ?

እናም በቀጣዩ ዓመት ለንግሡ ሥራ በተሰበሰብን ቀን ብድግ አልኩ።

"በሕግ አምላክ! ዘንድሮ ሥራው በዕጣ ይሁን። ዓመት በዓመት አንዷ ስትመረቅ አንዷ ስትሸከም አትኖርም። ዕጣን ቅዱስ መጽሐፍም ያውቀዋል።"

አለቃው ጺማቸውን ዳሰሱ። ዕጣን እምቢ ማለት ይከብዳል፤ እምቢ ያለ ሰው እግዚአብሔር እንዳይመርጥ የከለከለ ይመስላል። "ፈቃዱ ይሁን" አሉና ሰው ሞቶ ስለነበር ለፍትሐት ወጡ።

ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀደድኩ፤ አምስት ቦታ ቆራረጥኩት፤ ጠላ፣ ዳቦ፣ ጧፍ፣ ልቅለቃ፣ ውኃ ብዬ ጻፍኩ። እያንዳንዱን አጣጥፌ ሰፌድ ላይ በተንኩና በነጠላ ሸፈንኩት። አምስታችን ኃላፊዎች እጃችንን ከነጠላው ሥር እየሰደድን አንዳንድ አነሳን። እኔ የመጨረሻዋ ነበርኩ፤ የቀረውን ነው የወሰድኩት። ይህን ልብ በሉልኝ፣ የቀረውን ነው የወሰድኩት።

ከአምስታችን ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ። ስለዚህ የሁሉንም እየተቀበልኩ አነበብኩ። የምትለቀልቀዋ ዳቦ ደረሳት። ዳቦ የምትጋግረዋ ጧፍ። ባለ ጧፏ ጎረቤቴ ልቅለቃ። መበለቷ ውኃ። እኔ ጠላ።

ጎረቤቴ ወረቀቷን ዘቅዝቃ ይዛ አየችው።

"ይኼ ምን ይላል?"

"ልቅለቃ።"

"ለእኔ የጥንዚዛ እግር ነው የሚመስለኝ።" ወደ ሌሎቹ ዞረች። "የጻፈችው እሷ፣ ያነበበችው እሷ፣ ጠላው የደረሰውም ለእሷ! ዕጣ እንዲህ ዘመድ የሚያውቅ መሆኑን አልሰማሁም ነበር።"

"በታቦቱ ስም! አላጭበረበርኩም።"

"ኧረ መቼ ወጣኝ?"

ሁሉም መበለቷን አዩ። እሳቸው ወረቀታቸውን በአራት አጥፈው ጡታቸው ሥር ከተቱት። "ዕጣ ከሆነ ዕጣ ነው" አሉና ጥግ ላይ የነበረውን እንስራ፣ የእኔን እንስራ፣ አንስተው ወጡ።

ዛሬም ወንጌል አምጡልኝ፣ እጄን ጭኜ እምላለሁ፤ አላጭበረበርኩም። ደስ ብሎኝ ነበር ግን። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ጀርባዬ ባዶ ነበር፤ እንደ ልጃገረድ እየተፍለቀለቅሁ ነው የሄድኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ባሰብኩት ቁጥር ማንን እንደምቆጣ ይጠፋኛል። የምትለቀልቀዋ ሴት ለሙከራ የጋገረችው ዳቦ ላዩ የከሰለ፣ ውስጡ የሚዝረከረክ ሆነ። ዳቦ ጋጋሪዋ የሠራችው ጧፍ ሲለኮስ እንደ እርጥብ እንጨት ጨሰ። ጎረቤቴ እበቱን በሁለት ጣቷ ነበር የምትይዘው፤ አንድ ግድግዳ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀባት፤ በሦስቱም ቀን ስለ እኔ ስታወራ ነው የዋለችው። እኔ ጋኖቹን በግራዋ አጠብኩ፣ በወይራ አጠንኩ። ጌሾውን ወቅጬ ጠነሰስኩ፣ ብቅሉን፣ እንኩሮውን ከተትኩ። ከአራቱ ጋን በመጀመሪያ ሁለቱን ጀመርኩ። ረዳቶቼ የተባሉት ሴቶች እጃቸውን አጣጥፈው፣ "ባለ ዕጣዋ ታውቃለች" እያሉ ያዩኝ ነበር።

መበለቷ ሲጠምቁ ጋኖቻቸውን በገለባና በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ምድጃው አጠገብ እንደ አራስ ነበር የሚያስተኙት። እኛ እንስቅ ነበር። "ቆለኛ ስለሆነች ጋኑም እንደ እሷ የሚበርደው ይመስላታል!" እንል ነበር። እኔ ጋኖቼን ከድንጋዩ ወለል ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያያቸው ቦታ፣ መሀል ላይ አቆምኳቸው። በድብቅ ሠራች እንዳልባል ጠዋትና ማታ ክዳኑን እየከፈትኩ፣ "ኑ እዩ! የተደበቀ ነገር የለም!" እያልኩ ሁሉንም አሳይ ነበር።

ሦስት ቀን መበለቷ ውኃ አወጡ። ከደጃፉ ሆኜ አያቸው ነበር። መሀል መንገድ ካለው ቋጥኝ ላይ እንስራቸውን ያስደግፋሉ፣ እግራቸውን በእጃቸው ያሻሉ፣ ይነሳሉ። አንዷ፣ "ዛሬ ቆለኛዋ ዘገየች" አለች። ሌላ የተናገረ የለም። በአራተኛው ቀን አልመጡም። እሑድ ለቅዳሴም አልመጡም።

እኔ ተናደድኩ እንጂ አላዘንኩም። "ይኸው! እኔ አሥራ አምስት ዓመት ስቀዳ አንድ ቀን ቀርቼ አውቃለሁ?" አልኩ። ከዚያ ውኃ አለቀና፣ ጠላውን ትቼ እንስራ ተሸክሜ ወረድኩ። በዕጣም ያለ ዕጣም ውኃው የእኔ ሆነ።

በማግስቱ ጋኑን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ጎረቤቴ እበት ያለበትን እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣች፤ በቅል ጨልፋ ቀመሰች። አፏን አጣማ፣

"ይኼ ጠላ ነው ወይስ የቆዳ ማልፊያ?" አለች።

ሁለተኛውንም ከፈትኩ። ያው ነው። ሁለቱም ሆምጥጠዋል።

"የቆጡን አወርድ ብላ…" ብላ ጀመረች ጎረቤቴ። አልጨረሰችውም። ለምን ትጨርሰው? ሁላችንም እናውቀዋለን።

ዘመኑ ደግ ቢሆን ምንም አልነበረም። ነገር ግን ያ ክረምት ዝናቡ አታልሎን ያለፈበት ነው። ከተገኘችውም እህል ላይ የመንግሥት ኮታ ተነስቷል። ከእብናት በኩል ልጆቻቸውን ያዘሉ ሰዎች በየቀኑ ወደ እኛ ሽቅብ ይወጡ ነበር። ያ ገብስ ከሰው አፍ ተቀንሶ የመጣ ገብስ ነው። እኔ ሆምጣጤ አደረግሁት። የቀረው የሁለት ጋን ገብስ ብቻ ነው፤ ለንግሡ የቀረው ደግሞ ሰባት ቀን።

ባሌ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ስጮህ፣ ስማረር፣ አለቃውን ስከስ፣ ሊቀመንበሩን ስከስ፣ ጎረቤቴን ስከስ እሱ ሞፈሩን ይጠርብ ነበር። ሲሰለቸው፣ "ሴትዮዋ ዘንድ ሂጂ" አለኝ።

"የትኛዋ ሴትዮ?"

"ጋን የምታስተኛዋ።"

ከሆመጠጠው ጠላ በቅል ሞልቼ ይዤ ሄድኩ። የመበለቷ ቤት የመጨረሻው ቤት ነው፤ ከእሳቸው ወዲያ መንገዱ ወደ እብናት ቁልቁል ይጀምራል። በሩ ክፍት ነበር። ገንቦዎቻቸው ታጥበው በአፋቸው ተደፍተዋል። ምድጃው አመዱ ወጥቶለት ተጠርጓል። መሀል ወለሉ ላይ ጋቢያቸው ተዘርግቶ፣ ያላቸው ሁሉ በእሱ ተቋጥሮ ተቀምጧል። ብዙ አይደለም፤ አንዲት ሴት ብቻዋን የምትሸከመው ነው።

"እንደምን ዋሉ፣ እሜቴ?"

"እሜቴ?" ቀና ብለው አላዩኝም። "ዘንድሮ ለእኔ ጥር አልገባም። ቆለኛዋ በይኝ።"

"የት ሊሄዱ ነው?"

"እብናት። የወንድሜ ልጅ አለ።"

"ሰው ሁሉ ርቦት ከዚያ ወደዚህ ሲወጣ አንቱ ወደዚያ ይወርዳሉ?"

"እዚያ ስሜን ያውቁታል" አሉ።

እኛም እናውቀዋለን ልል አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት። አሥራ አምስት ዓመት በአንድ ደብር ስናስቀድስ፣ በአንድ ምድጃ ስንሠራ፣ ስማቸውን አላውቅም ነበር።

"የያዝሽው ቅል ምንድን ነው?"

"ጠላ… ነበር።"

"ያ ዋንጫ ያውልሽ። ቅጂና ጠጪው።"

"እኔ?"

"ማን ጠመቀው?"

ቀዳሁ፤ ጠጣሁ። ጥርሴ ጠረሰ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ላቆም ስል በአገጫቸው "ቀጥዪ" አሉኝ። ዋንጫው እስኪያልቅ ዓይናቸውን ከእኔ አላነሱም። ከዚያ ጣታቸውን ቅሉ ውስጥ ነክረው ቀመሱ፤ ወደ ደጅ ተፉት።

"ስንት ጊዜ ከፈትሽው?"

"ጠዋትና ማታ።"

"ምን ሊያደርግልሽ?"

"ሰው እንዲያይ። በድብቅ ሠራች እንዳይሉኝ።"

"ጠላ ሸንጎ አይወድም። ይሸፈናል፣ ይሞቀዋል፣ ይተዋል። አንቺ ብርድ ላይ አቁመሽ ፍርድ አስፈረድሽበት።"

"ዕጣውን ግን አላጭበረበርኩም" አልኩ። አሁን ሳስበው፣ ለዚህ ነበር ወይ የሄድኩት?

"አውቃለሁ። ትዕቢትሽ ለመስረቅ አይፈቅድልሽም።" ከመደቡ ላይ ተቀመጡ። "ውኃው አይደለም የከፋኝ። ቆላ ነው ያደግሁት፤ የእኛ ውኃ ከዚህ ይርቃል። ሦስት ቀን ስወርድ ስወጣ አንድ ሰው እንኳ 'እንደምን አደርሽ' አላለኝም። እናንተ የምታውቁት ጠላዬን ነው። እሱን ዕጣ ወሰደው። ታዲያ እኔ እዚህ ምን አለኝ?"

"እኔንስ አሥራ አምስት ዓመት ማን 'እንደምን አደርሽ' ብሎኛል? ከዚያ ገደል ስወጣ ማን ቀና ብሎ አይቶኛል?" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ተከራካሪ ያገኘሁ መስሎኝ።

"ስለዚህ ታውቂዋለሽ። ታዲያ አንቺ በእነዚያ ሦስት ቀኖች አንድ ጊዜ አልሽኝ?"

ቅሉን እጄ ላይ አሽከረከርኩት። በመጨረሻ፣

"ስምዎ ማን ነው?" አልኳቸው።

ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የራሳቸው ነው። ሁለት ጊዜ ደጋግሜ አልኩት፣ እንዳይጠፋኝ። ከስማቸው ጋር "ይቅር ይበሉኝ" የሚለውም አብሮ ወጣ።

ወደ ጋቢው ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ። እኔ ልረዳ እጄን ስሰድ ገፈተሩኝ።

"የስንት ጋን ገብስ ቀረ?"

"የሁለት።"

"ስንት ቀን?"

"ሰባት።"

"በዚህ ብርድ!" ዕቃቸውን ከጋቢው ላይ አራገፉት። "ይኼን ያዢ። ለጋኑ ነው፤ ገለባ ብቻ አይበቃም። ውኃውን ማን ያወጣል?"

"እኔ።"

"ክዳኑንስ?"

"አልከፍትም።"

"አጠገቡ አትደርሺም።"

ደጀ ሰላሙ ስንደርስ ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው አዩን። እኔ መሀል ላይ ቆምኩ። "ስሙኝ! ዕጣው አልተጭበረበረም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።"

"ይኼ ይቅርታ ነው ወይስ ክስ?" አለች ጎረቤቴ። "አንዱን ምረጪ እንጂ!"

"ሁለቱም ነው! እኝህ እናታችን ስም አላቸው።" ስሙን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። "ከዛሬ ጀምሮ 'ቆለኛ' ስትል የሰማኋት ሴት ውኃዋን ራሷ ታወጣለች። የዳቦ ውኃ፣ የእበት ውኃ፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ፣ ሁሉንም።"

ያን ቀን ነው የውኃን ጉልበት ያወቅሁት። አሥራ አምስት ዓመት ተሸክሜው ስኖር በእጄ ምን እንደያዝኩ አላወቅሁም ነበር። ምሳ ሳይደርስ ሴቶቹ ሁሉ ስሙን ያውቁት ነበር። ጎረቤቴም ሳትወድ፣ "እሜቴ እገሊት፣ እንደምን ዋሉ" ብላ ስሙን ከነማዕረጉ ጠራችና ወደ ጧፏ ሮጠች። ዳቦውም፣ ልቅለቃውም ወደየባለቤቱ ተመለሰ። ዕጣውን የሚያነሳ ሰው ጠፋ።

ስድስት ቀን መበለቷ ከጋኖቹ ጎን አልተለዩም። ጋቢያቸው ጋኑ ላይ፣ እሳቸው በነጠላ። እኔ ውኃውን ሊያግዙኝ ከተነሱ ሦስት ሴቶች ጋር ከምንጭ በተመለስኩ ቁጥር ዓይኔ ወደ ክዳኑ ይሄዳል፤ እሳቸው ጣታቸውን ብቻ ያነሳሉ። እመለሳለሁ።

በንግሡ ቀን ታቦቱ ወጥቶ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙን ሞላው። ጠላው ጥሩ ሆኖ ወጥቷል፤ ግን ግማሽ ነው፣ ግማሹን እኔ ገደል ደፍቼዋለሁ። በየዓመቱ መጀመሪያ ለካህናቱ፣ ከዚያ ለሹሞቹ፣ ከዚያ ለሽማግሌዎቹ እየተደጋገመ ይቀዳና፣ በበሩ ለተቀመጡት ድሆች ቅራሪ ይደርሳል። እኔ እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ ቆሜ ነበር። መበለቷ በሕዝቡ ፊት ጠሩኝና መቅጃውን ቅልና አንድ ጣሳ እጄ ላይ አኖሩ።

"ማንም ከማንም አይበልጥም ያልሽው አንቺ ነሽ። እስኪ አድርጊው።"

ለሁሉም በዚያው ጣሳ፣ አንድ አንድ፣ በዋንጫቸው ገለበጥኩ። አለቃው ዋንጫቸው ውስጥ አዩ።

"ይኼ ብቻ ነው ልጄ?"

"ይኼ ብቻ ነው፣ አባ። ትከሻዬ ነው የነገረኝ።"

ሳል ያዛቸው፤ ሳቃቸውን ይሁን ጉሮሯቸውን አላውቅም። ሊቀመንበሩ ዋንጫውን እንደገና ዘረጋ።

"ድገሚኝ እንጂ! የማኅበሩ ሊቀመንበር መሆኔን ረሳሽው?"

"አልረሳሁም። ሊቀመንበር ብትሆንም ጉሮሮህ አንድ ነው፤ ስብሰባ ላይ የነገርከን አንተ ነህ።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም። በቀጣዩ ስብሰባ ሁለት ሰዓት አቆመኝ፤ ይሁና።

በበሩ የተቀመጡት ዘንድ ስደርስ ጣሳው ያው ነበር፤ ጠላውም ያው፣ ቅራሪ አልነበረም። አንዲት ከእብናት በኩል የመጣች ሴት ቀምሳ ቀና አለች። "ይኼ የእኛ አገር እጅ ነው" አለች። መበለቷ ከኋላዬ ሰምተው ስለ ቀዬው፣ ስለ ዘመዱ ይጠይቋት ጀመር።

ሁሉን በትክክል አደረስኩ ብዬ ጋኑን ሳዘነብለው ባዶ ነው። ዞር ስል ሦስት ሴቶች እንስራቸውን ተደግፈው ቆመው ያዩኛል። አብረውኝ ውኃ ያወጡት ናቸው። የረሳሁት እነሱን ነው! ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ እነሱን! ራሴን በቅሉ መምታት አማረኝ። መበለቷ ስቀው ስቀው አልጠግብ አሉ። በዝቃጩ ላይ ውኃ አፍስሰው ቅራሪ አወጡልንና አምስታችን አብረን ጠጣን። አለቃው ሲያልፉ አዩኝና፣ "አየሽ ልጄ፣ ጸጋሽ ማደል ነው ለካ" አሉኝ።

"ታዲያ ውኃውስ?"

"እሱም ነው" ብለው አለፉ። እንግዲህ ሁለት ጸጋ ተሰጠኝ፤ ሁለቱም ወገብ የሚቆርጡ።

በማግስቱ እንስራዬን እንዳዘልኩ ጋቢውን አጥፌ ወደ መበለቷ ቤት ወሰድኩና እንስራውን ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩ። ገንቦዎቹ አሁንም እንደተደፉ ናቸው። ዕቃቸው ወለሉ ላይ፣ ያራገፉት ቦታ ላይ አለ። ጋቢውን ስሰጣቸው እጄ ከበደኝ፤ መቋጠሪያቸውን ነው የምመልስላቸው። ተቀብለው ዘረጉት። ጌሾው አረንጓዴ አድርጎታል፣ ድፍድፉ ደርቆበታል። አፍንጫቸው ላይ አስጠግተው አሸተቱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

"ከዚህ ጋር እንዴት መንገድ ይኬዳል? ከዚህ እስከ እብናት ያገኘኝ ሰው ሁሉ ሰካራም ይለኛል።"

"እኔ አጥብልዎታለሁ" አልኩ፤ ቶሎ።

"በምን ውኃ?"

እንስራዬን አነሳሁ።